ሁለት ኪሎ የምትመዝን ቤት

እኛ አገር ድንኳን ሲባል ቀድሞ ወደ ሐሳብ የሚመጣው ሠርግ ነው፤ ካልሆነም ለቅሶ። የዕድሩ ድንኳን ከነብረት ምሰሶው በመኪና ተጭኖ ይመጣል፣ የሰፈር ጎረምሶች ተረባርበው ያቆሙታል፣ ቀኑ ሲሞላ ይነሳል። እኔ በሥራ ዘመኔ ሌላም ድንኳን አውቃለሁ፤ ወረርሽኝ ሲነሳና አልጋ ሲጠፋ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ የሚተከለውን ሸራ። ከነዚህ ሁሉ አንዱንም ሰው ብቻውን ተሸክሞት አያውቅም። ዛሬ የማወጋችሁ ብስክሌት ላይ ታስሮ ስለሚሄድ፣ አንድ ልጅ ብቻውን ስለሚተክለው ድንኳን ነው። የበጋው ዕረፍት ሲመጣ ልጆቻችሁና የልጅ ልጆቻችሁ ይህን መጠየቃቸው አይቀርምና፣ ከወዲሁ ብታስቡበት ይበጃል ብዬ ነው።

በእኛ ቤት ጥያቄውን ያመጣው የ16 ዓመቱ የልጅ ልጄ ነው። ከጓደኞቹ ጋር በየእሑዱ ብስክሌት ይነዳል። ባለፈው ጥር መጨረሻ፣ የግማሽ ዓመት ፈተና እንዳለቀ፣ ከባቱ ተነስቶ በላንጋኖ አድርጎ ሐዋሳ መግባት አማረው። መንገዱ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ሌሊት ላንጋኖ፣ አንድ ሌሊት ሐዋሳ፣ ሁለቱንም በድንኳን። ብቻውን እንደማይሄድ ግልጽ ነበር፤ አብሮት የሚሄድ ሰው ሲፈለግ ዕጣው ለጡረተኛው ወጣ። እኔም ስልሳዎቹን ባጋምስም ጉልበቴ ፔዳል አልረሳም። ወጣት ነርስ ሆኜ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስሠራ አገሩ ሜዳ ስለሆነ ለክትባት የምወጣው በብስክሌት ነበር።

እናቱ ግን፣ ማለትም ልጄ፣ በቀላሉ አልለቀቀችንም። «አባዬ፣ እሱን የምሰጥህ ያለ ወባ ልትመልስልኝ ነው» አለችኝ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ድንኳኑን መረጠችልን ማለት ይቻላል።

ቦታው ይቅደም፣ ኪሎው ይከተል

የልጅ ልጄ በስልኩ አስሶ አንድ ድንኳን መርጦ ነበር፤ 900 ግራም የሚመዝን። ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ይዞልን እንዲመጣ ሊጠይቅ ነው። ብስክሌት ለሚነዳ ሰው እያንዳንዱ መቶ ግራም ዋጋ እንዳለው አስረዳኝ፤ እውነቱን ነው። ሥዕሉን አስተውዬ ባየው ግን ድንኳኑ አንድ ንብርብር ጨርቅ ብቻ ነው። ወለል የለውም፣ የትንኝ መረብም የለውም። የራሱ ምሰሶ ስለሌለው በተራራ ተጓዦች የእጅ ዘንግ ነው የሚቆመው። ብስክሌተኛ ደግሞ ዘንግ ይዞ አይሄድም። ያ ድንኳን ትንኝ በሌለበት ቀዝቃዛ ተራራ ለሚጓዝ እግረኛ ጥሩ ቤት ሊሆን ይችላል። ለላንጋኖ ግን አይሆንም።

ምክንያቱን ለወላጅ በግልጽ ልንገር። በአገራችን ወባ በአብዛኛው የሚገኘው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ ቦታዎች ነው። ዋናው ወቅቱ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ አነስ ያለው ደግሞ ሚያዝያና ግንቦት። ጥር ከነዚህ ውጭ ቢሆንም፣ ውኃ በማይጠፋበት የሐይቅ ዳር ትንኝ ጨርሶ አይጠፋም። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ልጅ ደግሞ ደገኛ ነው፤ ሰውነቱ በሽታውን አያውቀውም። አያቶቻችን ቆላ ወርዶ ማደርን የሚፈሩት በከንቱ አልነበረም። ንዳድ ይሉት የነበረው ይኸው ወባ ነው። ወባ አስተላላፊዋ ትንኝ ደግሞ በአብዛኛው የምትነድፈው ከምሽት እስከ ንጋት ነው፤ ልክ ልጁ ድንኳን ውስጥ በሚሆንበት ሰዓት።

ስለዚህ ጥያቄዎቹን በቅደም ተከተል አስቀመጥናቸው። የምናድረው የት ነው? እዚያ ምን አለ፤ ትንኝ፣ ዝናብ፣ ነፋስ ወይስ ውርጭ? ይህን ሁሉ የሚመልሱ ድንኳኖች ከተለዩ በኋላ ከመካከላቸው ቀላሉን ማንሳት ነው። ብዙ ወጣቶች ከኪሎው ይጀምራሉ፤ ከቦታው መጀመር ነው የሚሻለው።

እሑድ በግቢያችን

የብስክሌት ጓደኞቹ ሁለት ድንኳኖች አዋሱንና አንድ እሑድ ግቢያችን ውስጥ ተከልናቸው። የሰፈር ሕፃን በበሩ ቀዳዳ አይቶ ኖሮ «እነ ጋሼ ቤት ድንኳን ተተከለ» ብሎ አወራ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጎረቤታችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረሱ። «ምነው፣ ምን ደረሰባችሁ? ማን አረፈ?» አሉ። ቡና ተፈልቶ እስኪረጋጉ ድረስ ሥራችን ቆመ። ኋላማ ጎንበስ ብለው በትንሿ በር ወደ ውስጥ አዩና «ይቺ ታዲያ ለስንት ለቀስተኛ ትሆናለች?» ብለው አሳቁን።

የመጀመሪያው ድንኳን ምሰሶው ፋይበር ግላስ ነው፤ ዋጋው ርካሽ፣ ክብደቱ አራት ኪሎ ተኩል። ሲታጠፍ ርዝመቱ ከግማሽ ሜትር ይበልጣል፤ ብስክሌት ላይ ሲታሰር በግራና በቀኝ እየወጣ የሚጋረፍ ዕቃ ነው። ፋይበር ግላስ ደግሞ ሲያረጅ በርዝመቱ ይሰነጠቃል፤ ስንጥሩ እጅ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው የአሉሚኒየም ምሰሶ አለው፤ ብዙ ቦታ ስለሚታጠፍ መሪው ላይ ከፍሬን ገመዶቹ ጋር ሳይጋጭ ይታሰራል። ሁለት ንብርብር ነው። የውስጡ ክፍል ወለልና የመረብ ግድግዳ አለው፣ ከላዩ ዝናብ የሚመልስ ሽፋን ይለብሳል። ካስማ ከመመታቱ በፊት በራሱ ይቆማል። ይህ ለብስክሌተኛ ትልቅ ነገር ነው፤ መሬቱ ድንጋያማ ወይም ሲሚንቶ ቢሆንም ቤቱ ይቆማልና።

ክብደቱን ለማወቅ ወዳጄ ከሚሠራበት ክሊኒክ ሕፃናት የምንመዝንበትን ተንጠልጣይ ሚዛን ተዋስኩ። ስንት ሺህ ሕፃን እንዳንጠለጠልኩበት እግዜር ይወቀው። ድንኳኑን በከረጢቱ አንጠለጠልነው፤ ሁለት ኪሎ ከመቶ ግራም። ከሁለት ኪሎ ተኩል በታች የተወለደ ሕፃን ክብደቱ ዝቅተኛ ነው ብለን እንጨነቃለን፤ ለሁለት ሰው ድንኳን ግን ይህ ጤናማ ክብደት ነው። ጨርቁን እሱ፣ ምሰሶውንና ካስማውን እኔ ብንይዝ ለእያንዳንዳችን አንድ ኪሎ ያህል ይደርሰናል። ይኸኛውን መረጥን፤ ባለቤቱም ለጉዞው ተወልን።

ቀጥሎ ፈተናው መጣ። የአትክልት ጎማውን ከላይ አድርጌ ሩብ ሰዓት አዘነብኩበት፤ እሱ ውስጥ ሆኖ የስፌቱን መስመር በእጁ እየዳሰሰ ይመረምራል። ድንኳን ቀድሞ የሚያፈሰው በስፌቱ ነው። ወላጆች ድንኳን ስትገዙ «ውኃ አያስገባም» የሚለው ጽሑፍ አይብቃችሁ። የዝናብ መከላከያ አቅሙ በሚሊ ሜትር ይጻፋል፤ ለላይኛው ሽፋን ከ1,500፣ ሰው ለሚተኛበት ወለል ከ3,000 ያላነሰ ቢሆን መልካም ነው። ከዚያ መረቡን በባትሪ ብርሃን አየነው፤ ጥፍር የምታክል ቀዳዳ አግኝተን በማጣበቂያ ጨርቅ ደፈንናት። በመጨረሻም ዓይኑን በሻሽ አስሬ ዚፑን ከውስጥ እንዲከፍትና እንዲዘጋ አደረግሁት። ሌሊት ሽንት ቤት የሚወጣ ልጅ ይህን በጨለማ መቻል አለበት።

ከባቱ ወደ ላንጋኖ

መኪና መንገዱን ሳናውቅ አልወጣንም። የአካባቢውን ሁኔታ እዚያው ከሚኖሩ የቀድሞ ባልደረቦቼ ጠየቅሁ፣ ማደሪያችን የሎጅ ግቢ እንዲሆን አስቀድመን ደውለን ተስማማን። ድንኳን ስላለ ብቻ ያገኙት ሜዳ ላይ ማደር ልክ አይደለም፤ መሬት ሁሉ ባለቤት አለው፣ ጥበቃ ያለበት ግቢ ደግሞ ለልጅ እናት እንቅልፍ ይሰጣል።

ብስክሌቶቻችንን አውቶቡስ ላይ ጭነን ባቱ ደረስን። የሐይቁ ዳር አባ ኮዳዎች ዓሣ አጥማጆቹን ከብበው ቆመዋል። ከተማው ራሱ የብስክሌት አገር ነው፤ አባት ልጁን ከኋላ አፈናጦ፣ ነጋዴው ሽንኩርቱን ጭኖ ይነዳል። በማለዳ ወጥተን ቡልቡላን አለፍን። ግራር በግራና በቀኝ፣ ከባድ መኪና ከኋላ። ሁለታችንም ሄልሜት አድርገናል፣ አንጸባራቂ ሰደርያም ለብሰናል፤ ትልቅ መኪና ሲመጣ ከአስፋልቱ ወርዶ ማሳለፍ ሕጋችን ነበር።

መንገድ ዳር የከሰል ጆንያዎች ተደርድረዋል። ልጁ «ለማታ ትንሽ ብንይዝስ? ቢበርደን ድንኳኑ ውስጥ እናነደዋለን» አለ። ብስክሌቴን አቆምኩ። ይህን ሲነዱ የሚነገር ነገር አላደረግሁትም። ከሰል ሲነድ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። በሥራ ዘመኔ ጠዋት በር ተሰብሮ የመጡ ቤተሰቦች አይቻለሁ። ድንኳን ከቤትም ይጠባል። ጭሱ የጠፋለት ፍም፣ የምግብ ማብሰያ ጋዝ፣ ሻማም ቢሆን ድንኳን ውስጥ አይገባም። ናይለን ደግሞ እሳት ከነካው ቀልጦ ሰውነት ላይ ይጣበቃል። ልጁ ጆንያዎቹን ዞር ብሎ አየና «ገባኝ» አለ።

ላንጋኖ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ውኃው ቡናማ ነው፤ ማዶ የአርሲ ተራሮች ይታያሉ። ነፋሱ ግን እንግዳ ተቀባይ አልነበረም። ሳይጠሩት ሠርግ የሚገባውን ሰው ድንኳን ሰባሪ እንለዋለን፤ እውነተኛው ድንኳን ሰባሪ ነፋስ ነው። ልጁ ውኃው አፋፍ ላይ መትከል ፈለገ፤ ሦስት ነገር አስቦ ሐሳቡን ቀየረ። ሐይቆቻችን ጉማሬ አላቸው፤ ጉማሬ ሌሊት ሣር ለመጋጥ ይወጣል፤ በመንገዱ ላይ መተኛት አይገባም። ነፋሱም ከውኃው በኩል ነው። ትንኙም እዚያው ነው። ከዳርቻው ራቅ ብለን፣ የደረቀ ቅርንጫፍ ከማያንዣብብበት ቦታ፣ ጠባቧን ጎን ለነፋሱ፣ በሯን ከነፋሱ ተቃራኒ አድርገን ተከልናት።

መሬቱ አሸዋማ ስለሆነ ካስማው እንደ ቅቤ ቢላ ገብቶ እንደዚያው ይወጣል። ባዶ ፌስታሎች በአሸዋ ሞልተን፣ ገመዱን አስረን፣ ክንድ ያህል ቀበርናቸው፤ ያ ያዘ። ከመትከላችን በፊት ግን መሬቱን በእጃችን ጠርገን የግራር እሾህ ለቀምን። ግራር ከመነዳሪ እንደሚበሳ ሁሉ የድንኳን ወለልም ይበሳል። በድንኳኑ ልክ የተቆረጠ ላስቲክ ከሥር አነጠፍን። ላስቲኩ ከድንኳኑ ጠርዝ እንዳይወጣ አድርጉ፤ ከወጣ የዝናብ ውኃ ተቀብሎ ከሥራችሁ ያጠራቅማል።

ሳይመሽ እጅጌ ረጅም ልብስና ካልሲ አደረግን፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት ተቀባን፣ ራት በልተን ገባን። ሌሊት ነፋሱ ጨርቁን ሲያርገበግበው ነቃሁ። ባትሪ ሳበራ መረቡ ላይ፣ በውጪ በኩል፣ አንዲት ትንኝ አርፋለች። ሌላ ትንኝ ስታርፍ ሰውነቷ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ነው፤ ይህቺ ግን ኋላዋን ወደ ላይ ሰቅላ፣ አፏን ወደ እኛ ደፍታ ነው የቆመችው። አኖፊለስ እንዲህ ነው የምታርፈው፤ ተማሪ ሳለን በሥዕል ያጠናነው፣ በኋላም በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ያየነው አቀማመጥ ነው። ከልጁ ፊት የምትርቀው አንድ ስንዝር ነበር። በመካከላቸው ያለው ከነጠላ የሳሳ መረብ ብቻ።

ያኔ የገባኝን ለእናንተም ልናገር። የድንኳን ስፋት ምቾት ብቻ አይደለም። እጅ ወይም ግንባር መረቡን ተደግፎ ካደረ ትንኟ በመረቡ ቀዳዳ አፏን አስገብታ ትነድፋለች። ስለዚህ ለሁለት ሰው የተባለ ድንኳን ሁለት ሰው ከመረቡ ርቆ የሚተኛበት መሆኑን ውስጡ ገብታችሁ ተኝታችሁ ፈትሹ። ጥቂት ግራም ለመቆጠብ ጠባብ ድንኳን ከመግዛት ይህን ስፋት መያዝ ይሻላል። ልጁን ቀስ ብዬ ወደ መሐል ሳብኩት፤ አልነቃም።

ሽቅቡ ላይ

ላንጋኖ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ነው፤ አርሲ ነገሌ ደግሞ 2,000 ሜትር ያህል። በማግሥቱ 400 ሜትር ያህል ሽቅብ ወጣን ማለት ነው። ክብደት የሚፈረደው እዚህ ነው። ማርሹን አቅልለን፣ አንዳንዴም ወርደን እየገፋን ስንወጣ ልጁ «ድንኳኑ ከበደኝ» አለ። ጥላ ሥር አረፍንና ጓዙን አራገፍን። ሁለት ጂንስ ሱሪ፣ ወፍራም ሹራብ፣ ትልቅ የባትሪ መሙያ፣ ቆዳ ጫማ፣ የታሸገ ምግብ በጣሳ። ከድንኳኑ ድርሻ ጋር ሲነጻጸር ይኼ ሁሉ ሦስት እጥፍ ነው። ወጣቶች ድንኳን ላይ አንድ ኪሎ ለመቀነስ ብዙ ብር ያወጣሉ፤ አንዱን ጂንስ ቤት መተው ግን ነጻ ነው። ውኃ ላይ ግን አትቆጥቡ፤ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ቢሆንም ያ ኪሎ ይያዝ።

በአረቄዋ ስሟ የሚጠራው ነገሌ ላይ ሻይ በፓስቲ በላን፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ በአብዛኛው ቁልቁለት ነው። ሻሸመኔን በጋሪና በባጃጅ መሐል ተጠንቅቀን አልፈን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሐዋሳ ገባን። እዚያ ነፋስ አልነበረም። ጠዋት ልጁ የላይኛው ሽፋን ከውስጥ ረጥቦ አገኘውና «አፈሰሰ!» አለ። አላፈሰሰም። ሁለት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍስ እርጥበቱ ቀዝቃዛው ጨርቅ ላይ ጤዛ ይሠራል። ለዚህ ነው የላይ መተንፈሻው ክፍት መሆን ያለበት፤ ለዚህም ነው ሁለት ንብርብሩ የሚጠቅመው፤ ጤዛው ውጪኛው ላይ ይቀራል፣ የተኛው ሰው ደረቅ ይነሳል። ድንኳኑ ሳይደርቅ ታጥፎ ከቆየ ሻጋታ ይይዘዋል። ፀሐይ ላይ ቀኑን ሙሉ ማስጣትም ጥሩ አይደለም፤ የእኛ አገር ፀሐይ ናይለንን ያደክመዋል። ጥላ ሥር፣ ነፋስ ባለበት ይድረቅ።

ወደ ደጋ ለሚሄዱ

ጉዟችሁ ወደ ባሌ ዲንሾ ወይም ወደ ሰሜን ተራሮች ከሆነ ስሌቱ ይገለበጣል። እነዚህ ቦታዎች 3,000 ሜትርን ያልፋሉ፤ እዚያ ወባ አይደለም የሚያሠጋው፣ ብርድ ነው። ግድግዳው ሁሉ መረብ የሆነ ድንኳን ነፋሱን ያስገባል፤ የጨርቅ ግድግዳው የሚበዛ፣ የላይ ሽፋኑ እስከ መሬት የሚወርድ ይመረጣል። ብርድ የሚገባው ደግሞ ከላይ ብቻ አይደለም፤ ከታች ከመሬት ነው የሚስበው። በድንኳኑ ላይ የምታወጡትን ገንዘብ ለምንጣፉና ለመኝታ ከረጢቱ አካፍሉት። ልጁ መንቀጥቀጡን አቁሞ መፍዘዝና መንተባተብ ከጀመረ ሰውነቱ እየተሸነፈ ነው፤ እርጥብ ልብሱን አውልቃችሁ በደረቅ ጠቅልሉት፣ እቀፉት፣ ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ትኩስና ጣፋጭ ነገር ስጡት፣ እርዳታም ጥሩ።

ከተመለሱ በኋላ

ድንኳን ጥሩ አጥር ነው እንጂ ዋስትና አይደለም። ከመሄዳችሁ በፊት ስለ ወባ መከላከያ መድኃኒት ጤና ተቋም ጠይቁ፤ በተለይ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ካለ። ከተመለሳችሁ በኋላም ቀኑን ቁጠሩ። ወባ ከተነደፉ በኋላ ቶሎ አይታይም፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሳምንት በኋላ ነው የሚጀምረው፤ ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ወራት ቆይቶም ሊነሳ ይችላል። ልጁ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ብርድ ብርድ ማለት ከጀመረው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትዋሉ፣ ከፋርማሲም በግምት አትግዙ። በዚያው ቀን ደም ይታይ። አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ወባ ቶሎ ላይጠረጥር ይችላልና «ቆላ አድሮ መጥቷል» በሉት። ይህች ቃል ነፍስ ታድናለች።

እኛ ቤት የቀን መቁጠሪያው ላይ የሐዋሳውን ሌሊት በቀይ እስክሪብቶ አክብበን አንድ ወር ቆጠርን። ልጄ በየማታው የልጇን ግንባር በእጇ ጀርባ ትነካ ነበር። ወሩ ሲሞላ ቴርሞሜትሬን መለሰችልኝና ወደ ልጇ ዞራ «ቀጥሎ ወዴት ነው?» አለችው።